ለጣና ጀልባ የቱ መብራት ይሻላል? ስትሪፕ፣ የአይሱዙ የጎን መብራት ወይስ ከውጭ የሚመጣው

ሰሞኑን ስልኬ የሚጮኸው ለአንድ ጥያቄ ነው። «ለጀልባዬ ኤልኢዲ ላስገባ ነው፤ የቱን ልግዛ?» ቁጥሬን የሚያድለው የአጎቴ ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ስህተት የሠራነውም ከእሱ ጋር ነው። እኔ ባህር ዳር የመኪና ኤሌክትሪሻን ነኝ። ጀልባ ውስጥ የገባሁት በዝምድና ነው። ከአሁን በኋላ ለሚደውልልኝ ሁሉ ይህን ልኬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

መልሴን ላስቀድም። ለተሳፋሪው ክፍል የጭነት መኪና የጎን መብራት ግዙ። አቅጣጫ ለሚያሳዩት ለቀዩና ለአረንጓዴው መብራት ከውጭ የሚመጣውን እውነተኛ የጀልባ መብራት ግዙ። ስትሪፑን፣ በጥቅል የሚሸጠውን ተለጣፊ ኤልኢዲ፣ ተዉት። ለምን እንደሆነ ለመስማት ጊዜ የሌለው እዚህ ላይ ማቆም ይችላል።

የአጎቴ ልጅ ዘጠኝ ሜትር የምትሆን፣ ጣሪያ ያላት የብረት ጀልባ አለችው። አዘቦት ቀን እንግዳ ይዞ ዘጌ ደርሶ ይመለሳል። ንግሥ ሲሆን ግን ምእመናን ጭኖ ሌሊት 10 ሰዓት የሚነሳበት ቀን አለ። አሮጊቶች በጨለማ ሲሳፈሩ የሚረግጡትን ማየት አለባቸው። ሌላው ጀልባም እሱን ማየት አለበት። በዚያ ላይ የደንገል ታንኳ አለ። ውኃው ላይ ተለጥፎ ነው የሚሄደው፤ መብራት የሚባል ነገር የለውም። ቀዛፊው ከሩቅ አይቶህ ካልሸሸ አንተ እሱን አታየውም።

እናም የመኪና ጌጥ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ልጁ ጥቅሉን ፈታ ፈታ አድርጎ አበራልን። ሱቁ ቀን ሆነ። «ብራዘር፣ ባልዲ ውስጥ ብትነክረው ምንም አይለውም፤ ኦሪጅናል ነው» አለን። አምስት ሜትሩ 900 ብር። ሦስት ጥቅል ወሰድን፤ 2,700 ብር። «በዚህ ዋጋማ አይታለፍም» ያልኩት እኔ ነኝ። ከነማጣበቂያው ስለሚመጣ በግማሽ ቀን ገጥመን ጨረስን።

ሁለት ወር አልሞላውም። ናርጋ ሥላሴ ያደረሳቸውን ሰዎች ይዞ ከደቅ ደሴት ሲመለስ መሸበት። ደወለልኝ። «ይሄ ነገር እየጨፈረ ነው» አለኝ። ወደቡ ላይ ሄጄ ጠበቅሁት። ስትጠጋ ሳያት የሠርግ መኪና ነው የመሰለችኝ። ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ያሉት ጠፍተዋል። የጠፉት ደግሞ አንድ በአንድ አይደለም፤ ሦስት ሦስት እየሆኑ ነው። ከፊት ያሉት በርተዋል፤ ግን የጧፍ ያህል ነው ብርሃናቸው።

ሞተሩን እንዳያጠፋ ነግሬው ቴስተሬን ባትሪው ላይ አሳረፍኩ። ጋዝ ሰጥ አድርግ አልኩት። 15.2 ቮልት። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ስትሪፕ ማለት ሦስት ሦስት መብራት በአንድ ትንሽ ሬዚስተር ተያይዞ የተደረደረ ነው። ሦስቱ መብራቶች ዘጠኝ ቮልት ከምናምን ይወስዳሉ፤ የቀረችውን ወደ ሦስት ቮልት ሬዚስተሩ ይይዛል። ይህ ሒሳብ የሚሠራው ለ12 ቮልት ብቻ ነው። ቮልቱ 15 ሲደርስ ሬዚስተሩ ላይ የሚያርፈው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ኩሬንቱም እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። መብራቱ በገዛ ሙቀቱ ይጠበሳል። አንዱ ሲቃጠል ጓደኞቹን ይዞ ይወድቃል፤ ሦስት ሦስት የሚጠፉት ለዚህ ነው። የመኪና ዲናሞ ቮልቱን የሚገታ ሬጉላተር አለው፤ ከ14 ቮልት ከምናምን አያልፍም። ትንንሽ የጀልባ ሞተሮች ላይ ግን ቻርጁ ያለ ሬጉላተር በቀጥታ ወደ ባትሪው የሚሄድባቸው ብዙ ናቸው።

የፊቶቹስ ለምን ደበዘዙ? እሱ የገመዱ ጥፋት ነው። እመለስበታለሁ።

አሁን ብር እንቁጠር። የአጎቴ ልጅ እልኸኛ ስለሆነ «ይሄኛው ፎርጅድ ነበር» ብሎ ሌላ ሦስት ጥቅል ገዛ። ሌላ 2,700። እነሱም ክረምቱን አልጨረሱም። ማጣበቂያው በእርጥበት ለቀቀና ጣሪያው ላይ እንደ እባብ ተንጠለጠሉ። 5,400 ብር ውኃ በላው። በዚያው ገንዘብ አሥር የጭነት መኪና የጎን መብራት ገዝቶ 1,900 ብር ይተርፈው ነበር። አንዱን በ350 ብር ነው የገዛነው፤ አሥሩ 3,500። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ካላችሁ ሶማሌ ተራ አስጠይቁ። እኔ እዚያ በአንዱ መብራት 70 ብር ልዩነት አግኝቻለሁ። አሥር ሲገዛ 700 ብር ነው፤ ቀላል አይደለም።

የባትሪውንም ሒሳብ አትርሱ። የእኛ ስትሪፕ በጥቅል 24 ዋት ይበላል። ሦስቱ 72 ዋት፤ 6 አምፔር ማለት ነው። 70 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ ከግማሽ በታች ካላወረድከው ሞተር ጠፍቶ ስድስት ሰዓት አይሞላም። የጎን መብራቶቹ በየአንዳንዳቸው 2 ዋት ናቸው። አሥሩ 20 ዋት። ሌሊቱን ሙሉ ቢያድሩ ሞተሩ ጠዋት ይነሳል። ብርሃናቸው ለመጽሐፍ አይሆንም፤ ለእግርና ለመቀመጫ ግን ይበቃል። እሱ ነው የሚፈለገው።

የጎን መብራት የምላቸው አይሱዙ ጎንና ጎን ላይ ተደርድረው የምታዩአቸውን ነው። ለምን እንደወደድኳቸው ልንገራችሁ። የተሠሩት ለጭቃ፣ ለኮረኮንችና ለክረምት ነው። ጥሩዎቹ ላይ «10–30 ቮልት» የሚል ጽሑፍ አለ። ውስጣቸው ኩሬንቱን የሚቆጣጠር ነገር አለ ማለት ነው፤ 15 ቮልት ቢመጣ አይደነግጡም። «12 ቮልት» ብቻ ከተጻፈበት ዝለሉት። ዋጋው 100 ብር ቢቀንስም ዝለሉት።

ግን ሁሉም ጥሩ አይደለም። የኮፒው ዓይነት አይጣል ነው። ካርቶኑ ላይ «አይፒ 68»፣ ውኃ አያስገባም ለማለት፣ ማተም ቀለም ብቻ ነው የሚያስወጣው። እኔ የምፈትነው እንዲህ ነው። አንዱን ብቻ ግዙ። ቤት ወስዳችሁ ግማሽ ሰዓት አብሩት። ሞቅ ሲል፣ እንደበራ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ክተቱት። በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ቀዳዳ ካለው ውኃ ይስባል። አሳድሩትና ጠዋት መስታወቱን ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ እዩ። ጉም ካያችሁ መልሱት። ሻጩ አልመልስም ካለም የጠፋው 350 ብር ነው፤ 3,500 አይደለም። ክብደቱም ይናገራል። ጥሩው ጀርባው በሙጫ ተሞልቶ የተዘጋ ስለሆነ እጅ ላይ ከበድ ይላል። ኮፒው ባዶ ቆርቆሮ ነው የሚመስለው።

ቀለሙን ቢጫ አድርጉት። በረዶ የመሰለው ነጭ የጣናን ትንኝ ሁሉ ይጠራል። ከሐይቁ ደመና ሆኖ የሚነሳውን ትንኝ ያየ ያውቀዋል። ቢጫው ጨርሶ አይከለክልም፤ ግን በጣም ይቀንሳል።

ከውጭ የሚመጣው የጀልባ መብራት በጥራት ይበልጣል፤ ምንም ክርክር የለውም። ግን የምትከፍሉት ለምን እንደሆነ እወቁ። አብዛኛው ዋጋ የጨው ዋጋ ነው። ባሕር ላይ ጨው ብረቱንም ሽቦውንም ስለሚበላ ሁሉ ነገሩ ለዚያ ተብሎ ይሠራል። ጣና ጨው የለውም፤ ውኃው ጣፋጭ ነው። አሥር የጣሪያ መብራት ከውጭ ማስመጣት ለሌለ ጠላት ዘብ መቅጠር ነው። ዶላሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ።

ቀዩና አረንጓዴው ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ አልደራደርም። ወደ ፊት ስትመለከት በግራህ ቀይ፣ በቀኝህ አረንጓዴ። እነዚህ መብራቶች ጌጥ አይደሉም፤ አቅጣጫ ናቸው። ቀይ ብቻ የሚያይ ሰው ጀልባዋ ግራ ጎኗን ሰጥታው እያለፈች እንደሆነ ያውቃል። ሁለቱንም ካየ ወደ እሱ እየመጣች ነው። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ መብራት ከአፍንጫዋ፣ ከጀልባዋ የፊት ጫፍ፣ ጀምሮ ወደ ጎን 112.5 ዲግሪ ብቻ እንዲያበራ ተቆርጦ ይሠራል። የአይሱዙው ግን ብርሃኑን ወደፈለገው ይረጫል። ከግራ ያለው ሰው አረንጓዴውንም ያያል፤ ወዴት እንደምትሄድ ግራ ይገባዋል። መርከቦች እንዳይጋጩ በ1972 (እ.ኤ.አ.) የተደነገገው ዓለም አቀፍ ደንብ የወጣው ለባሕር ነው፤ ግን ጨለማው እዚህም ያው ነው። ከ12 ሜትር በታች ለሆነች ባለሞተር ጀልባ ሁለቱ የጎን መብራቶችና ከላይ ዙሪያውን የሚታይ አንድ ነጭ ይበቃል። ሁለቱን ቀለሞች አንድ ላይ የያዘ የአፍንጫ መብራትና ነጩን ከነዘንጉ የአጎቴ ልጅ ዋሽንግተን ዲሲ ባለች እህቱ ሻንጣ አስመጣ። 65 ዶላር። በብር ሲመታ ያኔ ወደ 10,000 ነበር። አንጀት ይበላል። ግን አንዴ ነው።

ይህን ላለማውጣት የሚደረግ አንድ ብልጠት አለ። አሮጌውን የአምፖል መያዣ ከነቀይ መስታወቱ ይተዉና ውስጡ ነጭ ኤልኢዲ ይከታሉ። እኔም ለአንድ ሰው ሠርቼለት አፍሬያለሁ። ነጭ ኤልኢዲ ቀይ ብርሃኑ ትንሽ ነው። ቀዩ መስታወት የቀረውን ሲያስቀር የሚወጣው ደካማ ነገር ነው፤ አረንጓዴውም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ከቀይ መስታወት ኋላ ቀይ ኤልኢዲ፣ ከአረንጓዴው ኋላ አረንጓዴ ነው የሚገባው። ደግሞ የባጃጅ ሰማያዊ ጌጥ መብራት በጀልባዋ ዙሪያ የምትለጥፉ ሰዎች፣ እባካችሁ። ያማረ ይመስላችኋል፤ ከሩቅ ግን ቀዩንና አረንጓዴውን ይውጠዋል።

ነጩን ከጣሪያው በላይ አቁሙት። ካፒቴኑ ዓይን ውስጥ የሚገባ ከሆነ ከሥሩ ትንሽ ክብ ላሜራ አድርጉለት። ከፊት ትልቅ ባር መብራት መትከልም እንዲሁ ነው፤ የምታየው ትንኝና ጭጋግ ብቻ ይሆናል።

አሁን ገመዱ። ሰው ገንዘብ የሚቆጥብበት ቦታ ይህ ስለሆነ ነው ሁሉም የሚበላሸው። መጀመሪያ የዘረጋነው ሜትሩ 45 ብር የሚሸጥ ቀጭን ገመድ ነበር። ባትሪው ላይ 12.6 ያለው አፍንጫዋ ጋ ሲደርስ 10.9 ሆኗል። መንገድ ላይ 1.7 ቮልት ጠፋ። የፊቶቹ የደበዘዙት ለዚህ ነው። ገመዱን በቢላ ፋቅ ሳደርገው መዳቡ ተላጠና ነጭ አልሙኒየም ወጣ። መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነበር። ለባሕር የሚሠራ ምርጥ ገመድም ነጭ ሽፋን አለው፤ እሱ ግን ተቃራኒ ነው። ላዩ ነጭ፣ ሲፋቅ ቀይ። ላዩ ቀይ ሆኖ ሲፋቅ ነጭ ከሆነ ጥላችሁ ውጡ። በኋላ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ንጹሕ መዳብ፣ ሜትሩ በ85 ብር፣ ዘረጋን። 20 ሜትር 1,700 ብር። የመብራቱን ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። ከሁሉም ወጪ የማልጸጸትበት ይሄ ነው።

የእኔ ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነበር። መኪና ላይ እንደለመድኩት ኔጌቲቩን ከብረቱ አካል ጋር አሰርኩት፤ እኛ ማሳ የምንለውን። የብረት ጀልባ ላይ ይህ አይደረግም። ኩሬንቱ በአካሏ ሲመላለስ ውኃ የነካውን ብረት ቀስ በቀስ ይበላዋል። ለእያንዳንዱ መብራት ሁለት ገመድ ነው፤ ሄዶ የሚመለስ።

መጋጠሚያውን በናስትሮ ብቻ ጠቅልላችሁ አትሂዱ። በጫፍ ማያያዣ ጨብጣችሁ፣ በእሳት ሲነካ የሚኮማተረውንና ውስጡ ማጣበቂያ ያለውን ቱቦ አልብሱት። ሲሊኮን ከተጠቀማችሁ ደግሞ አሽትቱት። አቼቶ አቼቶ የሚሸተው መዳብ ይበላል። የማይሸተው ትንሽ ይወደዳል፤ እሱን ግዙ። ፊውዙ ከባትሪው አንድ ስንዝር አይራቅ። ማብሪያውና ባትሪው ከቤንዚን ጀሪካኑ ጋር በአንድ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ አይሁኑ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ታች ተኝቶ አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል።

መብራት 3,500፣ ገመድ 1,700፣ የአፍንጫውና የነጩ 10,000፣ ፊውዝና ጥቃቅን 800። ድምሩ 16,000 ብር። እጅ አልቆጠርኩም፤ ዘመድ ነው። የ5,400ውን ኪሳራ ጨምሩበትና የአጎቴ ልጅ ስልኬን ለምን ለሁሉም እንደሚሰጥ ይገባችኋል።

ከስትሪፑ የተረፈ አራት ሜትር ነበር። እናቱ ቡና የምታፈላበት ቤት መደርደሪያው ላይ ለጠፈላት። እዚያ ደረቅ ነው፤ ከአዳፕተሩ የሚወጣው ቮልትም ከ12 አይነቃነቅም። እስካሁን አንዷም አልጠፋችም።