ክላሽ ወይስ ኤአርኤክስ 160?

ፒያሳ ቡና ላይ የጠመንጃ ወሬ ከተነሳ ክላሽን የሚያህል የለም ይባላል። እኔ ግን ስሙ እምብዛም የማይነሳው የጣሊያኑ ቤሬታ ኩባንያ ጠመንጃ ኤአርኤክስ 160 ተገቢውን ክብር አላገኘም ባይ ነኝ።

መለዋወጥ፦ የጣሊያኑ ዋና ጥበብ እዚህ ነው። አፈሙዙ ያለ መፍቻ በሰከንዶች ይቀየራል። የክላሽ ቀለህ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይፈናጠራል፤ የዚህኛው ግን እንደ ተኳሹ ፍላጎት በቀኝ ወይም በግራ ይወጣል። ለግራኝ ወታደር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ከ5.56 ሚሊ ሜትር ጥይት ወደ ክላሹ 7.62 በ39 ሚሊ ሜትር ጥይት መዞርም ይችላል፤ ያን ጊዜ የክላሽን ካዝና ይጎርሳል።

ክብደት፦ እ.ኤ.አ. በ1959 ከወጣው ኤኬኤም ከተባለው ክላሽ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ባዶአቸውን 3 ኪሎ ግራም ገደማ ናቸው።

ወጪና ጥገና፦ እዚህ ክላሽ ያለ ጥርጥር ይረታል። በብዙ አገር ስለተመረተ መለዋወጫው አይቸግርም፤ አያያዙንም ምልምል ወታደር ቶሎ ይለምደዋል። የኤአርኤክስ ፕላስቲክ አካል አይዝግም፤ ነገር ግን ግዙፍ ይመስላል፣ ዕቃውም ከአምራቹ ይጠበቃል።

አቅርቦቱ የተደራጀ፣ ባለሙያ ያለውና ሁለት ዓይነት ጥይት የሚጠቀም ጦር ኤአርኤክስን ቢመርጥ አይከስርም። ሥልጠናው አጭር፣ መንገዱ ሩቅ፣ በጀቱም ጠባብ ለሆነበት ክላሽ ይሻለዋል።