ቤት ለቆመ አርቪ የትኛው የኤሌክትሪክ መከላከያ ይሻላል?

አርቪ (ውስጡ የሚታደርበት የጉዞ መኪና) መንገድ ላይ ከሚያሳልፈው ጊዜ ይልቅ ቆሞ የሚያሳልፈው ይበልጣል። ብዙ ባለቤቶች ግን መከላከያ የሚገዙት ለካምፕ ግቢ ብቻ አስበው ነው። ቤት ሲደርሱ ገመዱን ጋራዥ ያለው ሶኬት ላይ ሰክተው ይገባሉ። «የቤቴ መብራት ነው፣ ምን ይሆናል?» ይላሉ። የቤት መብራት ከካምፕ ግቢ መብራት የተሻለ መረጋጋት እንዳለው እውነት ነው። አደጋው ግን አልጠፋም፤ መልኩን ነው የቀየረው። በስህተት የተዘረጋ ሶኬት አለ፣ ቀጭን ገመድ አለ፣ መብረቅ አለ፣ ባትሪውን ለወራት ያለ እረፍት የሚሞላ ቻርጀር አለ። እነዚህን ሁሉ አንድ ሳጥን አይከላከልም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የምትሰኩበትን ሶኬት እዩ። ምን እንደምትገዙ የሚወስነው እሱ ነው።

እዚህ የማወራው በሰሜን አሜሪካ ስላሉት ባለ 30 እና ባለ 50 አምፔር አርቪዎች ነው።

ሰርጅ ፕሮቴክተር ወይስ ኢኤምኤስ

ሰርጅ ፕሮቴክተር (ድንገተኛ የቮልቴጅ ንረት መከላከያ) እና ኢኤምኤስ (ኃይሉን እየለካ የሚቆጣጠር መከላከያ) በመልክ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም በሶኬቱና በአርቪው መካከል የሚገቡ ሳጥኖች ናቸው። ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ርካሹን ገዝቶ የውዱን ሥራ ይጠብቅበታል።

ተራ ሰርጅ ፕሮቴክተር ውስጡ ቫሪስተር የሚባሉ ትናንሽ ክብ ነገሮች አሉት። ቮልቴጁ ለቅጽበት ሲያሻቅብ ትርፉን እነሱ ይውጡታል። ማሸጊያው ላይ በጁል የተጻፈው ቁጥር የመዋጥ አቅማቸውን ይነግራችኋል። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል። ነገር ግን በዋጡ ቁጥር ይደክማሉ፣ አንድ ቀን ደግሞ ያልቃሉ። ከዚህ ሌላ ሥራ የላቸውም። ቮልቴጁ ከተለመደው 120 ወደ 95 ወርዶ የኤሲው (የአየር ማቀዝቀዣው) ሞተር ቢያቃስት ሳጥኑ ዝም ብሎ ያሳልፋል። አንዳንዶቹ የሶኬቱን ሽቦ ስህተት የሚያሳይ መብራት አላቸው። መብራቱ ስህተት እያሳየም ቢሆን ኃይሉ ወደ መኪናው ይገባል። ካላያችሁት የለም ማለት ነው።

ኢኤምኤስ መጀመሪያ ይለካል፣ ከዚያ ነው የሚያሳልፈው። አብዛኞቹ ቮልቴጁ ከ104 ገደማ ሲወርድ ወይም ከ132 ገደማ ሲወጣ ራሳቸው ይቆርጣሉ። የግራውንድ (የመሬት) ሽቦ መኖሩን፣ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) አለመገላበጣቸውን ያያሉ። ቫሪስተሩም አብሯቸው አለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይጠብቃሉ። ይህ መቆየት ለኤሲው ትልቅ ነገር ነው። ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረግብ ወዲያው ከተነሳ ሞተሩ መዞር ያቅተዋል፤ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል።

ባለ 50 አምፔር አርቪ ላላቸው ዋናው ምክንያት ግን የኒውትራል ሽቦ ነው። 50 አምፔሩ ሶኬት እያንዳንዳቸው 120 ቮልት የሆኑ ሁለት መስመሮች አሉት። ሁለቱ አንድ ኒውትራል ይጋራሉ። ያ ኒውትራል ከላላ ወይም ከተቋረጠ 240 ቮልቱ እንደ ጭነቱ ይከፋፈላል። አንዱ ወገን 80 ሲያገኝ ሌላው 160 ሊደርሰው ይችላል። ማይክሮዌቩና ቴሌቪዥኑ 160 ያለበት ወገን ላይ ከሆኑ በሰከንዶች ውስጥ አለቀላቸው። ይህ ድንገተኛ ሰርጅ አይደለም፣ የሚቆይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ተራው ሰርጅ ፕሮቴክተር አይችለውም፤ ራሱም ይቃጠላል። ይህ እንዲደርስ ደግሞ አንድ በደንብ ያልጠበቀ ብሎን ይበቃል።

ዋጋውን በተመለከተ ኢኤምኤስ ከተራው ሁለት ሦስት እጥፍ ያስከፍላል። ቤታችሁ ባለ 30 ወይም ባለ 50 አምፔር ሶኬት ካስገጠማችሁ ግን ሳላመነታ ኢኤምኤስ ግዙ እላለሁ። አንድ ኤሲ መቀየር ከልዩነቱ በብዙ ይበልጣል።

ኢኤምኤስ የማያየው አንድ ክፉ ነገር አለ። የድሮ ቤቶች የግራውንድ ሽቦ የላቸውም። አንዳንድ ሰው ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ይገጥምና ኒውትራሉን ከግራውንዱ ብሎን ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል። በዚህ ላይ ፌዝና ኒውትራሉ ከተገላበጡ የአርቪው ሙሉ አካል 120 ቮልት ይሸከማል። ኢኤምኤሱም፣ ሶኬት ላይ የሚሰካው ባለ ሦስት መብራት ቴስተርም «ሁሉም ደህና ነው» ይላሉ። ይህን የሚይዘው ሳይነካ ከቅርብ የሚጮኸው እስክሪብቶ መሰል ቴስተር ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሌላ ምንም ባትገዙ እሱን ግዙ። ሰክታችሁ እንደጨረሳችሁ ወደ መኪናው ብረት አስጠጉት። ከጮኸ በሩን አትንኩ፣ ብሬከሩን አውርዱ። እጀታውን ሲይዙ ትንሽ ንዝረት የሚሰማቸው ሰዎች ነገሩን ያቃልሉታል። መሬቱ እርጥብ በሆነ ቀን ያው ንዝረት ሰው ይገድላል።

አዲስ 30 አምፔር ሶኬት ካስገጠማችሁ

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ብዙ አርቪ ያለቀው በዚህ ነው። የአርቪው 30 አምፔር ሶኬት 120 ቮልት ነው። የድሮው የልብስ ማድረቂያ ሶኬትም 30 አምፔርና ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው፣ ግን 240 ቮልት ነው። አርቪ የማያውቅ ኤሌክትሪሻን «30 አምፔር» የሚል ሲሰማ በልምድ 240 ይዘረጋል። ገመዱ ተሰክቶ ብሬከሩ ሲነሳ ኮንቨርተሩ (ባትሪውን የሚሞላው ክፍል)፣ ማይክሮዌቩ፣ የፍሪጁ ሰሌዳ አብረው ይቃጠላሉ።

ስለዚህ ባለሙያው ከመሄዱ በፊት፣ አርቪውን ሳትሰኩ፣ በመልቲሜትር ለኩ። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት (ተለዋዋጭ ከረንት) ላይ አድርጉት። አንዱን ዘንግ በአንደኛው ያዘመመ ቀዳዳ፣ ሌላውን በሁለተኛው አስገቡ፦ 120 አካባቢ ማሳየት አለበት። ከፌዙ ወደ ክቡ የግራውንድ ቀዳዳ ስትለኩም 120 አካባቢ ይሆናል። ከኒውትራሉ ወደ ግራውንዱ ደግሞ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ። የትኛውም ቦታ 240 ካያችሁ ብሬከሩን አውርዱና ሰውየውን መልሳችሁ ጥሩት። ደህና ኢኤምኤስ እንዲህ ያለውን ስህተት ቆርጦ ያቆመዋል። ቢሆንም ውድ ዕቃን መሞከሪያ ማድረግ አይገባም።

ተንቀሳቃሽ ወይስ የሚገጠም

ተንቀሳቃሹ ሶኬቱ ላይ ስለሚሰካ ገመዱን ጭምር ይጠብቃል፤ አርቪ ስትቀይሩም ይከተላችኋል። በሌላ በኩል ውጭ ያድራል፣ ዝናብና ፀሐይ ይመታዋል፣ ሌባም ያየዋል። የሚገጠመው መኪናው ውስጥ ይደበቃል፤ ቮልቴጁንና የስህተት ቁጥሩን ቁጭ ብላችሁ በትንሽ ስክሪን ታነባላችሁ። አርቪውን ለዓመታት ለምትይዙት የሚገጠመው ይሻላል ባይ ነኝ።

ተራ ሶኬት ላይ ለምትሰኩ

ብዙ ሰው ያለው ባለ 15 አምፔር የጋራዥ ሶኬትና አንድ አዳፕተር ነው። ጉዳዩ ታዲያ እዚህ ላይ ይቀየራል። ለናንተ ከሳጥኑ በፊት ገመዱ ይቀድማል።

15 አምፔር ሲባል ቢበዛ 1,800 ዋት ነው። ለሰዓታት የሚቆይ ጭነት ከዚህ 80 በመቶው፣ ማለትም 12 አምፔር ላይ ቢቆም ይመከራል። የጣሪያ ኤሲ ብቻውን ይህን ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሶኬት ባትሪ መሙላት፣ መብራት ማብራት፣ ፍሪጁን ቀድሞ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ኤሲውን ተዉት።

ገመዶቹን እናወዳድር። ርዝመታቸው 15 ሜትር ይሁን፣ ጭነቱ 12 አምፔር። ባለ 16 ጌጅ ቀጭኑ ኤክስቴንሽን መንገድ ላይ ወደ 5 ቮልት ገደማ ይበላል፣ ወደ 57 ዋትም ሙቀት ያመነጫል። ባለ 12 ጌጁ 2 ቮልት እንኳ አይሞላም። ያ ሙቀት የትም አይሄድም፤ በተለይ ገመዱ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ፕላስቲኩን ሊያቀልጠው ይችላል። የጌጅ ቁጥር ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር አትርሱ፤ 10 ጌጅ ከ12 ይወፍራል። እኔ ከ12 የቀጠነ አልመክርም፣ ርቀቱ ከ15 ሜትር ከበለጠ ደግሞ 10 ይሁን። የሚያስፈልጋችሁን ያህል እንጂ ትርፍ ርዝመት አትግዙ።

ከሰካችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሂዱና የመሰኪያዎቹን ፕላስቲክ በእጃችሁ ዳብሱ። ለብ ያለ ከሆነ ችግር የለም። እጅ የሚያስነሳ ሙቀት ካለ ግን አንዱ መጋጠሚያ ላልቷል። ነቅላችሁ ምላሶቹን እዩ። ደህና ምላስ ያብረቀርቃል። ጠርዙ ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ካበጠ፣ አጽድቶ መጠቀም አያዋጣም፤ ይቀየር። አዳፕተሩን ብቻ ሳይሆን የተሰካበትንም ሶኬት ቀይሩ፣ ምክንያቱም አንዱ ሌላውን ያቃጥለዋል። በአርቪው ጎን ያለውን መግቢያም አትዝለሉት።

የጋራዡ ጂኤፍሲአይ ሶኬት አርቪው ሲሰካ በተደጋጋሚ ከቆረጠ «ስሱ ነው» ብላችሁ በተራ ሶኬት አትቀይሩት። ከ4 እስከ 6 ሚሊአምፔር የሚሾልክ ከረንት ሲያገኝ ነው የሚቆርጠው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የውሃ ማሞቂያው ኤለመንት ወይም አርቪው ውስጥ በስህተት የተገናኙ ኒውትራልና ግራውንድ ናቸው። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረዳችሁ ፈልጉት።

አውቶፎርመር የሚባለውን በአጭሩ ልለፈው። ቮልቴጅ ሲወርድ ከፍ የሚያደርግ ከባድና ውድ ዕቃ ነው። የተሠራው በሙቀት ወቅት መብራት ለሚደክምበት የካምፕ ግቢ ነው። ቤት ቮልቴጅ ከወረደባችሁ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ገመዳችሁ ነው፤ ገመዱን ቀይሩ።

ባትሪውን የሚጠብቀው ማን ነው?

ኢኤምኤስ ስለ ባትሪ የሚያውቀው ነገር የለም። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚቆም አርቪን ባትሪ የሚገድለው ኮንቨርተሩ ነው። የድሮው ዓይነት በአንድ ቋሚ ቮልቴጅ ሌት ተቀን ይገፋል፣ የእርሳስ ባትሪው ውሃም ቀስ በቀስ ያልቃል። ባለ ብዙ ደረጃው በ14.4 ቮልት አካባቢ ይሞላል፣ ከዚያ ወደ 13.6 ይወርዳል፣ ለማቆያ ደግሞ 13.2 ላይ ይቀመጣል። የድሮውን ኮንቨርተር ይዛችሁ ውድ ኢኤምኤስ ከመግዛት መጀመሪያ ኮንቨርተሩን ቀይሩ። ያ ካልሆነ አርቪውን ነቅላችሁ ለባትሪው ብቻ ትንሽ ዘመናዊ ማቆያ ቻርጀር ማድረግም ይሠራል። በሁለቱም መንገድ ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ በወር አንዴ ይታይ፤ የሚጨመረውም የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው።

ሊቲየም ሌላ ነው። እሱ መሰካት አይፈልግም። ግማሽ ገደማ ሞልታችሁ ነጥላችሁ አስቀምጡት። ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ደግሞ አትሙሉት፤ ከተሞላ ለዘለቄታው ይጎዳል። የመነጠያ ማብሪያው ሁሉንም እንደማያጠፋ ልብ በሉ፤ የጋዝ ጠቋሚው ብዙ ጊዜ በቀጥታ ባትሪው ላይ ነው የታሰረው።

መብረቅ

ቤቱ ዋና ሰሌዳ ላይ የሚገጠም ሰርጅ መከላከያ ለአርቪውም ለቤቱም ይጠቅማል፤ ከኢኤምኤሱ ጋር ተደጋግፈው ይሠራሉ። ቀጥታ የወደቀ መብረቅን ግን ሁለቱም አያቆሙም። እሱን የሚከላከለው ነቅሎ መተው ነው። ማዕበል እንደሚመጣ ከተነገረ አስቀድማችሁ መጀመሪያ ኤሲውንና ማሞቂያውን አጥፉ፣ ቀጥሎ ብሬከሩን አውርዱ፣ በመጨረሻ ገመዱን ንቀሉ። ነጎድጓዱ መሰማት ከጀመረ በኋላ ግን ወደ ሶኬቱ አትሂዱ፤ ያኔ ቤት ውስጥ ቆዩ።