ለተጎዳ ማሳ፦ ዲከረንስ ወይስ ባሕር ዛፍ?

በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ አሲዳማው ማሳ ምርት ሲነፍግ ብዙ ገበሬ ዲከረንስ ወደሚባለው ግራር ዞሯል።

ባሕር ዛፍ አንዴ ከተተከለ ከጉቶው ደጋግሞ ያቆጠቁጣል፤ ሁለት ሦስት ጠንካራ ቀንበጥ ትቶ ሌላውን መቁረጥ ነው። አጣና ለሚፈልግ ይበጃል። ግን ሥሩ የጎረቤት ሰብልን ውኃ ይሻማል፤ ወደ እህል መመለስም ጉቶ መንቀል ይጠይቃል።

ዲከረንስ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ አፈሩን ያለማል። የዘሩ ቅርፊት ደንዳና ስለሆነ የፈላ ውኃ ፈስሶበት አንድ ሌሊት ይዘፈዘፋል፤ ይህ ከተዘለለ መደቡ ላይ እዚህም እዚያም ብቻ ይበቅላል። በክረምት ችግኙ ጤፍ በተዘራበት ማሳ ይተከላል፤ በአንድ ሜትር ርቀት ለሩብ ሄክታር 2,500 ያህል ይበቃል። የፕላስቲክ ከረጢቱ ሳይቀደድ ከተተከለ ሥሩ እዚያው ተጠምጥሞ ይቀራል። ያን ያህል ተደክሞበት ችግኝ እንዲህ ሲጠፋ ያሳዝናል! በ4 ወይም 5 ዓመት ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ በቦታው ጤፍ ይዘራል።

ጉድለቱ፣ ከጉቶው በደንብ ስለማያቆጠቁጥ በየዙሩ አዲስ ችግኝ ይፈልጋል። ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታም የአካባቢውን ዲከረንስ ክፉኛ ጎድቷል። እህል ለሚመለስበት ማሳ ምርጫችን ዲከረንስ ነው፤ ነገር ግን መሬቱ ሁሉ በእሱ ብቻ አይሸፈን።