የማዝዳ ሮድስተር የፋብሪካ እድሳት፦ ገንዘቡ የሚያዋጣው ለቦዲው ነው

ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣውን የመጀመሪያውን ሮድስተር (በአሜሪካ ሚያታ የሚባለውን) ራሱ የሚያድስበትን አገልግሎት ጃፓን ውስጥ በ2017 መጨረሻ ለአመልካቾች ከፍቶ በ2018 ሥራ ጀመረ። የሚቀበለው ኤንኤ6ሲኢ የሚባለውን ባለ 1.6 ሊትር ሞዴል ብቻ ነው፤ በ1993 የመጣው ባለ 1.8 አይገባም። ባለቤቱ ያመለክታል፣ ከኩባንያው ሰዎች ጋር ይነጋገራል፣ ከዚያ መኪናው ሂሮሺማ ሄዶ ይመረመራል። ሲጀመር የመሠረታዊው ሥራ መነሻ ዋጋ 2.5 ሚሊዮን የን ገደማ ነበር። የውስጥ ክፍሉ፣ ሞተሩ፣ ሞላና አሞርዛተሩ፣ ቸርኬና ጎማው ሲጨመር ሒሳቡ ወደ 5 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። መኪናው አዲስ ሆኖ የተሸጠው በ1.7 ሚሊዮን የን እንደነበር ያስታውሱ።

ታዲያ ያዋጣል? ለቦዲውና ለቀለሙ፣ አዎ። ለሞተሩ ግን፣ ጥሩ መካኒክ ላለው ሰው ብዙም አያስፈልግም።

የሮድስተር ዋና ጠላት የዝናብ ውኃ ነው። ታጣፊው ጣሪያ ከኋላ በሚያርፍበት ጠርዝ ዙሪያ ውኃ የሚሰበስብ ቦይ አለ። ውኃው በግራና በቀኝ፣ ከደኅንነት ቀበቶው ጀርባ በሚወርድ ቱቦ አልፎ ከኋላ ጎማው ፊት ከመኪናው ሥር ይፈስሳል። ቱቦው በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን ግን ውኃው ሞልቶ ወደ ውስጥ ይገባና ከበሩ ሥር ባለው ድርብ ላሜራ ውስጥ ይተኛል። ላሜራው የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጪ ስለሆነ ቀለሙ ላይ ፊኛ ሲታይ ውስጡ አልቋል ማለት ነው። ለመፈተሽ አንድ ሊትር ውኃ ቦዩ ላይ በቀስታ ማፍሰስና ከሥር መመልከት ነው። በሁለቱም በኩል ወዲያው ካልወረደ ተደፍኗል። ሲጠርጉት የሣር ማጨጃ ፕላስቲክ ክር ይበጃል፤ ሽቦ ቱቦውን ይበሳና ነገሩን ያብሳል። ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን የላሜራ ጫፍ ደግሞ በማግኔት ይዳስሱት፤ ማግኔቱ ካልያዘ በስቱኮ (በላሜራ መሙያ ልጥፍ) ተሞልቷል። እንዲህ ያለውን ቦታ ውጪውን ብቻ ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ ገንዘብ ማባከን ነው። እስከ ንጹሕ ብረት ተቆርጦ፣ ውስጠኛው ላሜራ ተተክቶ፣ ከብየዳው በኋላ ባዶው ሆድ በፀረ ዝገት ሰም መረጨት አለበት። ፖርቶመጋላ ውስጥ በቀኝ በኩል የተቀመጠውን ባትሪ ሥርም አይርሱ። የፋብሪካው ባትሪ ጋዙን በቱቦ ወደ ውጪ የሚያወጣ ዓይነት ነበር፤ ተራ ባትሪ የተተካበት መኪና ወለሉ በአሲድ ተበልቶ ይገኛል። ይህን ሁሉ በትክክል ሠርቶ ቀለሙን የሚመልስ የግል ጋራዥ ብርቅ ነው፤ የፋብሪካውን ክፍያ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጠውም ይኸው ነው።

ሞተሩ ሌላ ጉዳይ ነው። ቢ6 የተባለው ይህ ሞተር ታጋሽ ነው፤ የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከፒስቶኑ ጋር የሚያናብበው ቀበቶ) ቢበጠስ እንኳ ፒስቶኑ ከቫልቮቹ ጋር አይጋጭም። ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ በዚያው የውኃ ፓምፑ፣ የኮሎው (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) እና የካምሻፍቶቹ (ቫልቮቹን የሚከፍቱት ዘንጎች) ከፊት ያሉት የላስቲክ ማኅተሞች አብረው ቢቀየሩ ደግመው አይፈቱትም። ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጀርባ ያለው የካም ሴንሰር ዘይት ካንጠባጠበ ሴንሰሩን አይግዙ፤ ያለቀው የጎማ ቀለበቱ ነው።

አንድ እውነተኛ ወጥመድ ግን አለ። እስከ 1991 አጋማሽ የተሠሩት ሞተሮች የኮሎ አፍንጫቸው፣ ማለትም ፑሌጃው (የቺንጋው መዘውር) የሚታሰርበት የኮሎው የፊት ጫፍ፣ አጭር ነው። ፑሌጃው ላይ ቀዳዳዎቹ አራት ከሆኑ አጭሩ፣ ስምንት ከሆኑ ረጅሙ ነው። ቺንጋ ሲቀየር የመሐሉ ብሎን ላልቶ ከታሰረ ፑሌጃውን ከኮሎው ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ብረት መጫወት ይጀምራል፣ ማረፊያውን ይበላል፣ ታይሚንጉ ይዛነፋል፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ፑሌጃው ከተወላገደ ምልክቱ ያ ነው። አጭሩ አፍንጫ በ108–118 ኒውተን ሜትር፣ ረጅሙ በ157–167 ይታሰራል፤ ያለ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) አይሞከርም፤ የረጅሙን ልክ አጭሩ ላይ ማሰርም ጥፋት ነው። ገና ብዙም ያልተበላ ከሆነ በብረት ማጣበቂያ የሚድንበት ጊዜ አለ፤ ካለፈ ግን ሞተሩ ወርዶ ኮሎው ይቀየራል። መኪናው ከመገዛቱም ሆነ ወደ እድሳት ከመላኩ በፊት ይህ ይታይ።

ካምቢዮው የሚፈልገው ጥቂት ነው። ጂኤል-4 75ደብሊው-90 የተባለ የማርሽ ዘይት 2 ሊትር ይበቃዋል። የማርሹ ዘንግ የሚቀመጥባት ጽዋ የራሷ ዘይት አላት፤ 90 ሚሊ ሊትር ገደማ። እሷ ስትደርቅ ማርሹ ይጠጥራል፤ የጎማ ሽፋኗ ሲቀደድ ሙቀትና ጩኸት ወደ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ሂሮሺማ ድረስ አይኬድም።

ከእድሳቱ ይልቅ ለብዙ ሰው የሚጠቅመው ከሱ ጋር ዳግም መመረት የጀመረው መለዋወጫ ነው። ብሪጅስቶን የያኔውን ኤስኤፍ325 ጎማ በ185/60አር14 መልሶ ሠርቶለታል። ሰፊ ጎማ የለመደ ሰው ቀጭን ነው ይላል፤ 940 ኪሎ ለሚመዝን መኪና ግን ልኩ ነው፤ መሪው የሚናገረውም በዚህ ስፋት ነው። የናርዲ የእንጨት መሪና የማርሽ እጀታ እንዲሁም ታጣፊው ጣሪያም ተመልሰዋል። ጣሪያው የፕላስቲክ የኋላ መስኮት ካለው ዚፑ ሳይከፈት አይታጠፍም፤ በተለይ በብርድ ይሰነጠቃል።

መኪናቸውን ለቀየሩ ሰዎች አገልግሎቱ አይሆንም፤ ሥራው ወደ ፋብሪካው መልክ መመለስ ነውና። ቱርቦ የሚያስቡ ገንዘባቸውን በሌላ ቅደም ተከተል ያውጡ። መጀመሪያ የራዲያተር ውኃው መንገድ። ሞተሩ መነሻው የፊት ጎማ የሚነዳ የማዝዳ መኪና ነበር፤ እዚያ ውኃው ከቴስታታው ጀርባ ይወጣ ነበር። ሮድስተር ላይ መውጫው ወደ ፊት ስለዞረ አራተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል፤ መውጫውን ወደ ኋላ መመለስ ሙቀቱን ያስተካክለዋል። ቀጥሎ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን። የ1.6ቱ ባለ 6 ኢንች ስለሆነ ከቱርቦ ጋር ይሰበራል፤ የ1.8ቱ ባለ 7 ኢንች ይገጠማል፣ ነገር ግን ከነአክስሉና ከነሻፍቱ መግዛት ያስፈልጋል። ፍሬኑንም ከዚያው መኪና ይውሰዱ፤ የፊት ዲስኩ ከ235 ወደ 255 ሚሊ ሜትር ያድጋል፣ አሮጌው 14 ኢንች ቸርኬም ሳይነካው ይገጠማል።