ሚክሮቲክ ሄክስ፦ የኢንተርኔት ቤቴን መስመር ያካፈለልኝ ሳጥን

ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የኢንተርኔትና የፎቶኮፒ ቤት አለኝ። መስመራችን 10 ሜጋቢት ነው። አንዱ ስልኩን አፕዴት ማድረግ ሲጀምር፣ ጥግ ላይ በቪዲዮ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የተቀመጠችው ልጅ ድምፅ ይቆራረጣል። አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ሚክሮቲክ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ሄክስ የተባለ ራውተር የገዛሁት ለዚህ ነው። እያንዳንዳቸው ጊጋቢት የሆኑ አምስት ፖርቶች አሉት። ዋይፋይ የለውም፤ ለእሱ የድሮው ራውተሬ ይበቃል። ዋናው ነገር ኪው የሚባለው ነው፤ ትራፊኩን በወረፋ እያስተናገደ መስመሩን የሚያካፍል ማለት ነው። በአንድ ወላጅ (ሌሎቹን የሚያቅፍ) ኪው ሥር ሦስት ክፍል አደረግኩ፦ የቪዲዮ ጥሪ፣ ተራ አሰሳ፣ ዳውንሎድ። ለጥሪው 4 ሜጋቢት ዋስትና ሰጠሁት፣ ቅድሚያውንም 1 አልኩት። የዳውንሎዱ ቅድሚያ 8 ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቅድሚያው ይበልጣል። ሌሎቹ ዝም ሲሉ ግን ዳውንሎዱም እስከ ጣሪያው፣ ማለትም እስከ ከፍተኛው የፍጥነት ገደብ፣ ይወጣል። ይሄን በጣም ወድጄዋለሁ፤ የተረፈው አይባክንም። ጣሪያውን ከመስመሩ ፍጥነት ዝቅ አድርጌ 9 ሜጋቢት ላይ ያሰርኩት ወረፋው እኔ በማዝበት ሳጥን ውስጥ እንዲቆይ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፋስትትራክ የሚባለው (ትራፊኩን በአቋራጭ የሚያሳልፍ ማፍጠኛ) ከበራ ትራፊኩ ኪውውን በጎን ያልፋል። ይሄን እስካውቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሜኑውም ለጀማሪ ይከብዳል፤ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ያቺ ልጅ ባለፈው ሳምንት ተመልሳ መጣች። 40 ደቂቃ ሙሉ ሳይቆራረጥባት አወራች።