ለሕዝብ ትርኢት የሚሆን ሞዴል ሰርጓጅ መርከብ፦ ለኮምቦልቻና ለደሴ አዘጋጆች የትኛው ይሻላል?

ለሳይንስ ቀን፣ ለትምህርት ቤት አውደ ርእይ ወይም ለበዓል ዝግጅት ገንዳ ውስጥ የሚጠልቅ ሞዴል ሰርጓጅ መርከብ ማሳየት ያሰበ ኮሚቴ አብዛኛውን ጊዜ ምርጫውን የሚጀምረው ከፎቶ ነው። ፎቶ ላይ የሚያምረው ደግሞ ጥቁር ወይም ግራጫ የጦር ሰርጓጅ ነው። እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ከገንዳው ዳር የቆመ ልጅ ያየዋል ወይ? ሬዲዮው ሲቋረጥ ወይም ባትሪው ሲያልቅ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል ወይ? እነዚህን ሁለቱን የማያሟላ ሞዴል የቱንም ያህል ቢያምር ለሕዝብ አይቀርብም።

ዋጋውንም ጠባዩንም የሚወስነው የሚጠልቅበት መንገድ ነው። አንዳንዶቹ ሁልጊዜ ተንሳፋፊ ናቸው፤ የሚጠልቁት በፍጥነት ሲሄዱ አግድም ክንፎቻቸው ወደ ታች ስለሚገፏቸው ነው። ሞተሩ ሲቆም ብቅ ይላሉ። ርካሽም አስተማማኝም ናቸው፤ ነገር ግን ቆመው መጥለቅ አይችሉም፣ ለመጥለቅም መንደርደሪያ ይፈልጋሉ። አጭር ገንዳ ውስጥ ገና በቅጡ ሳይጠልቁ ግድግዳው ይደርሳል። ሌሎቹ ማስጠሚያ ታንክ አላቸው። ውሃ አስገብተው ይከብዳሉ፣ አስወጥተው ይቀላሉ፣ ልክ እንደ እውነተኛው። ሕዝብ የሚወደው ይህንን ነው፤ ባለበት ቆሞ ቀስ እያለ መሰወሩን፣ ከዚያም እንደገና ብቅ ማለቱን። ስለዚህ ታንክ ያለውን ምረጡ።

ታንኩም ዓይነት አለው። ፒስተን ያለው ታንክ ሞተር ፒስተኑን ወደ ኋላ እየሳበ ውሃ የሚያስገባ ነው። በግራም ደረጃ ይታዘዛል፣ ቀርፋፋና ውድ ነው። የጀርመኑ ኤንግል የሚታወቀው በዚህ ሥራው ነው። ፓምፕ ያለው ታንክ ይረክሳል፤ ደካማ ጎኑ ቫልቩ ነው። ቫልቩ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች ውሃው ቀስ እያለ ያልፍና መርከቡ ባልታዘዘበት ሰዓት መስመጥ ወይም መውጣት ይጀምራል። ጋዝ የሚጠቀመው ዓይነት ውሃውን በጣሳ ጋዝ ገፍቶ ያስወጣል። አረፋው ያስጨበጭባል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ጋዞች ተቀጣጣይ ናቸው፣ ጋዙም ሲያልቅ መርከቡ እታች ይቀራል። ልጆች ለሚሰበሰቡበት ቦታ አንመክረውም።

ወደ ምርቶቹ እንምጣ። አንድ ሞዴል ብቻ መግዛት ለሚችል ኮሚቴ ቅድሚያ የምንሰጠው የታይዋኑ ታንደር ታይገር ያወጣውን ኔፕቱን ኤስቢ-1ን ነው። ርዝመቱ 77 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ቀለሙ ደማቅ ቢጫ፣ ቅርጹ የምርምር ሰርጓጅ ነው። የታሪክ መርከብ ሞዴል አለመሆኑን እንደ ጉድለት የሚያነሱ አሉ፤ ለትርኢት ግን ቢጫነቱ ብቻውን ከሌሎቹ ያስቀድመዋል። በሁለተኛ እጅ ከሆነ የምትገዙት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ጎሚኒዎቹ ተቀይረዋል ወይ? ፓምፑ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል ወይ? ሬዲዮው የቀድሞው ነው ወይስ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ተተክቷል? መልሱ ተተክቷል ከሆነ፣ ምክንያቱን ከታች ስለምንነግራችሁ፣ የሬዲዮ መቀየሪያውን ዋጋ ጨምራችሁ አስቡ።

ታሪክ ለማስተማር ካሰባችሁ በ1/72 ልኬት የሚሸጡት የፕላስቲክ ኪቶች አሉ። የሬቬል ኩባንያ ታይፕ ሰባት ሲ ዩ-ቦት የተባለው የጀርመን የጦር ሰርጓጅ ነው፤ እውነተኛው 67 ሜትር ስለሆነ ሞዴሉ 93 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የዚያው ኩባንያ ጋቶ የአሜሪካ መርከብ ሲሆን 1.32 ሜትር ይደርሳል። የሞይቢየስ ኩባንያ ስኪፕጃክም የአሜሪካ ሰርጓጅ ነው፤ 1.06 ሜትር ገደማ ሆኖ እንደ ጠብታ የተሞላ ቅርጽ አለው። ሦስቱም የሚሸጡት ለመደርደሪያ እንጂ ለውሃ አይደለም፤ ውሃ የማያስገባ ሲሊንደር፣ ሞተር፣ ሰርቮ (መሪና ክንፍ የሚያዞር ትንሽ ሞተር) እና ታንክ ለየብቻ ገዝቶ መግጠም ያስፈልጋል። ከሦስቱ ስኪፕጃክን እንመርጣለን። ሆዱ ሰፊ በመሆኑ ሲሊንደሩ ሳይጨናነቅ ይገባል፤ ከውሃ በላይ የሚቀረውም ክፍል ትንሽ ስለሆነ ለመጥለቅ ብዙ ውሃ አይፈልግም። ዩ-ቦቱና ጋቶ ግን ሰፊ የመርከብ ወለል አላቸው፤ ከወለሉ ሥር አየር ይታፈናል፣ ጫፉም ተንጠልጥሎ ይቀራል። መፍትሔው ከወለሉ ሥር ከፍ ያሉትን ቦታዎች እየፈለጉ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ መብሳትና የጎን ውሃ መግቢያዎቹን በሙሉ መክፈት ነው። ጋቶ ለኮምቦልቻ የሆቴል ገንዳ ይረዝማል፤ መታጠፊያ ያጣል። የገንዳው ስፋት የሞዴሉን ርዝመት 8 እጥፍ የማይሞላ ከሆነ አጠር ያለ ፈልጉ።

በነገራችን ላይ፣ ለእኛ አካባቢ ታሪክ የሚቀርቡት የጣሊያኖቹ ሰርጓጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1940 ጣሊያን ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ምጽዋ ላይ 8 ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። የተረፉት 4ቱ በ1941 መጋቢት ምጽዋን ለቀው አፍሪካን ዞረው ፈረንሳይ ቦርዶ ደረሱ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ደግሞ ደሴ ራሷ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ከአራቱ አንዷ የነበረችው ፔርላ 60 ሜትር ስለነበረች በ1/72 83 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። ለገንዳ ተስማሚ መጠን ነው። ከባዶ መሥራት የሚችል ቡድን ካለ ይህችን ቢሞክር ደስ ይለናል።

መዳፍ የምታክለዋ የመጫወቻ ሰርጓጅ ለገንዳ አትሆንም፤ ማንም አያያትም። ለመስታወት ሳጥን ግን በቂ ናት። ሳጥኑ 2 ሜትር በ80 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 60 ሴንቲ ሜትር ውሃ ከያዘ 960 ሊትር፣ ማለትም አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል። ፎቅ ላይ አይቀመጥም፤ መስታወቱም ከ12 ሚሊ ሜትር ያነሰ መሆን የለበትም፣ ያውም ከላይ ማጠናከሪያ ተደርጎለት።

ቶርኖ ቤትና ትዕግሥት ላለው ትምህርት ቤት ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ መሥራቱ ከመግዛት የተሻለ ትርኢት ይወጣዋል። 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ 50 ሴንቲ ሜትር ቢቆረጥ 4.75 ሊትር ውሃ ይገፋል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ተገጥሞለት 4.75 ኪሎ አካባቢ መመዘን አለበት። ይህን ሳያሰሉ የጀመሩ ሰዎች መጨረሻ ላይ 2 ኪሎ የማክበጃ እርሳስ (ብረቱን) ማስገቢያ ቦታ ያጣሉ። ክዳኖቹን የማስታወቂያ ሠሪዎች ከሚጠቀሙበት 10 ሚሊ ሜትር አክሪሊክ ቶርኖ ላይ አስወጥታችሁ የጎሚኒ ቦይ አስቆርጡ። ክዳኑ ግልጽ ስለሆነ ተመልካች ውስጡን ያያል። ታንኩ ሁለት ባለ 60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይሁን፤ 120 ግራም ይሰጣችኋል፣ ለመጥለቅና ቆሞ ለመንሳፈፍ ይበቃል። ስሪንጁን የሚስበው በ6 ሚሊ ሜትር ባለጥርስ ዘንግ የሚሠራ ባለማርሽ ሞተር ነው። ዘንጉ በአንድ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ 10 ሴንቲ ሜትሩን ለመሳብ 100 ዙር ይፈልጋል፤ ሞተሩ በደቂቃ 200 ዙር ከሆነ 30 ሰከንድ ይወስዳል። በሁለቱም ጫፍ ማቆሚያ ስዊች ካልተደረገ ሞተሩ ስሪንጁን ይሰብረዋል። የስሪንጁ ጎሚኒ ከጥቂት ቀን በኋላ ደርቆ ይጣበቃል፤ ቀጭን የሲሊኮን ግሪስ ቀቡት።

አሁን ብዙ መመሪያ የማይነግራችሁን እንንገራችሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት 6 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ ይህ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ከሚያደርሰው ግፊት ጋር እኩል ነው። ደሴ ላይ ታሽጎ ኮምቦልቻ የወረደ ሞዴል ገና ውሃ ሳይነካ 60 ሴንቲ ሜትር እንደጠለቀ ይቆጠራል። 1.5 ሜትር ሲጠልቅ ጎሚኒው የሚሸከመው የ2.1 ሜትር ግፊት ይሆናል፤ የሚያፈሰውም ለዚህ ነው። በተቃራኒው ኮምቦልቻ ላይ ታሽጎ ደሴ ሲወጣ የውስጡ አየር ክዳኑን ይገፋዋል፤ ያለ ብሎን በጥብቀቱ ብቻ የተያዘ ክዳን መንገድ ላይ ሊወልቅ ይችላል። ፀሐይም ተመሳሳይ ነገር ታደርጋለች። በ45 ዲግሪ ሙቀት የታሸገ አየር 20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግፊቱ በ6 ኪሎ ፓስካል ያህል ይቀንሳል፣ ያም ውሃ ይስባል። ስለዚህ ሞዴሉ መተንፈሻ ቫልቭ ይኑረው። ገንዳው ዳር ጥላ ሥር አስቀምጡት፣ ቫልቩን ከፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ዝጉ።

የማፍሰስ ፍተሻው ቀላል ነው። በቫልቩ በኩል ቀጭን ላስቲክ ቱቦ አስገብታችሁ በአፍ ንፉና ሞዴሉን ውሃ ውስጥ ይዛችሁ አረፋ ፈልጉ። በጎማ መንፊያ አትንፉ፤ ከ0.2 ባር ካለፈ ክዳኑን ያስፈነጥራል። የሚያፈስሰው የት እንደሆነ ካልታወቀ በእያንዳንዱ ጎሚኒ አጠገብ ሶፍት አጣብቁ፤ ከትርኢቱ በኋላ የራሰው ይነግራችኋል። ጥቁሩ የመኪና ግሪስ ሁሉንም ጎሚኒ አይስማማውም፤ ኢፒዲኤም ከተባለው የጎማ ዓይነት የተሠራውን ያሳብጠዋል። ሲሊኮን ግሪስ ደግሞ ከሲሊኮን የተሠራውን ያሳብጣል። የጎሚኒውን ዓይነት ሳትጠይቁ አትቀቡ።

ሚዛን ማስያዙ ሮቶ ወይም በርሜል ውስጥ ይጀመርና ትርኢቱ በሚታይበት ገንዳ ያልቃል። ለክብደት ጎሚስታ ቤት ያለው የጎማ ባላንስ እርሳስ ይሻላል፤ ግራሙ ተጽፎበታል። እርሳሱ ከታች፣ ለማንሳፈፍ የሚገባው ፎም ከላይ ይሁን፤ ቦታ ከተለዋወጡ መርከቡ ይገለበጣል። ታንኩ ሞልቶ የማማው (ከመርከቡ ጀርባ ላይ የቆመው ክፍል) ጫፍ ብቻ ከውሃ በላይ እስኪቀር፣ ማለትም ከ10 እስከ 20 ግራም ተንሳፋፊነት እስኪቀረው አስተካክሉ። ያን የቀረውን ክንፎቹ ያሸንፉታል፤ ሞተር ሲቆም ደግሞ መርከቡን ያወጣዋል። ቆሞ እንዲሰወር የተሠራ ከሆነ ግን ይህ ትርፍ ስለማይኖረው፣ ሲግናል ሲቋረጥ ታንኩን በራሱ የሚያራግፍ መከላከያ የግድ ነው። ማለዳ የተስተካከለ ሞዴል ከሰዓት ሊሰምጥ ይችላል፤ ውሃ ከ15 ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ ስለሚሳሳ 5 ኪሎ የሚመዝን ሞዴል 10 ግራም ያህል ተንሳፋፊነት ያጣል። ከእያንዳንዱ ትርኢት በፊት ደግማችሁ ፈትሹ።

ሬዲዮን በተመለከተ፣ የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሄዶ ይጠፋል። ለሰርጓጅ የሚያገለግሉት ዝቅተኛዎቹ ናቸው፤ 27፣ 40 ወይም 75 ሜጋ ኸርዝ። ገንዳ ውስጥ የሚጨመረው ኬሚካል ውሃውን የበለጠ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሚያደርገው ርቀቱ ከንጹሕ ውሃ ያንሳል። ጥልቁ ጥግ ላይ አስቀምጣችሁ ከማዶ ሞክሩት፤ ከዚያ ሪሞቱን አጥፉና በራሱ ሲወጣ ሳታዩ ሕዝብ አትጥሩ። ከውጭ የሚገባ ከሆነ የሬዲዮ መሣሪያ ስለሆነ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ሲጫን ገደብ አለበት። የታሸገ ሊድ አሲድ ባትሪ የምትጠቀሙ ከሆነ ቻርጅ ስታደርጉ ክዳኑ ክፍት ይሁን፤ የሚወጣው ሃይድሮጂን በታሸገ ሲሊንደር ውስጥ ተጠራቅሞ ይፈነዳል።

ለተመልካች ከሁሉም የሚከብደው የውሃው ነጸብራቅ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል፣ ንፋሱም ሳይነሳ፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ረፋዱ ላይ አሳዩ፤ ሰዉ ፀሐይዋን በጀርባው አድርጎ ይቁም። ከላይ ሲያዩት 1.5 ሜትር ጥልቀት 1.1 ያህል ስለሚመስል ጥልቀቱን የሚያሳይ ባለቀለም ዘንግ ገንዳው ውስጥ አቁሙ። ግራጫ ሞዴል ካላችሁ የላይኛውን ክፍል ነጭ ወይም ብርቱካናማ ቀቡ፤ ታሪካዊ ቀለሙ ቢጠፋም ይሻላል። ገመድ ያለው የውሃ ውስጥ ካሜራ ከስክሪን ጋር ካለ ከኋላ የቆሙትም ያያሉ። ስክሪኑ ከገንዳው 3 ሜትር ይራቅ፣ መስመሩም የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር የሚቆርጥ ብሬከር ይኑረው። ትርኢቱ እየተካሄደ ዋናተኛ ውሃ ውስጥ አይግባ። ጫፉ በስፖንጅ የተጠቀለለ ረጅም መንጠቆ ሁልጊዜ ዳር ላይ ይኑር።

ሲያበቃ ሞዴሉን በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ አድርቁ፣ ውስጥ የተገኘውን ውሃ በስሪንጅ ለኩ። ከ5 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ጎሚኒው ሳይቀየር ለቀጣዩ ትርኢት አይግባ።