ለሽሮሜዳው ሸማኔያችን ምስጋናና ጥቆማ

ለእናቴ ጋቢ፣ ለእህቴም የሠርግ የሀገር ልብስ የሠሩልንን የሽሮሜዳ ሸማኔ ከልብ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ ሥራቸውን ግን ብናገር ደስ ይለኛል።

ሽሮሜዳ ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ለረጅም ዘመን የኖሩበት ሰፈር ስለሆነ ጥሩ እጅ ማግኘት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የሚገዙት ልብስ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ከተሰቀለው መካከል ጥለቱ የታተመ፣ ክሩም ሰው ሠራሽ የሆነ ጥቂት አይደለም፤ ሲጠየቅ ግን ሁሉም «ፈትል ነው» ይባላል። እኚህ ሰው ገና ስለ ዋጋ ሳንነጋገር ድሩ (በቁመት የሚዘረጋው ክር) የፋብሪካ፣ ማጉ (በአግድም የሚገባው) ደግሞ በእጅ የተፈተለ መሆኑን ለይተው ነገሩን፤ የጥለቱ አንጸባራቂ ክር ጥጥ አለመሆኑንም አልደበቁም። ጠርጥሬ ሳያቸው ከየዓይነቱ ቁራጭ ክር አንስተው ክብሪት ለኮሱበት። ጥጡ የተቃጠለ ወረቀት እየሸተተ አመድ ሆነ፤ የጥለቱ ክር ግን ቀልጦ እንደ ጠጠር ደረቀ።

ዋጋውንም ዘርዝረው ነው የነገሩን፦ የክሩ ስንት እንደሆነ፣ የሽመናው ድካም ስንት እንደሆነ፣ ጥጡ ተዳምጦና ተባዝቶ አመልማሎ ከሆነ በኋላ በእንዝርት ለሚፈትሉት ሴቶች የሚከፈለው ስንት እንደሆነ። ለአንድ ልቃቂት ማግ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ከሰማሁ በኋላ ለመከራከር አፌ አልከፈት አለኝ፤ ይህ ደግሞ ገበያ አብሮኝ ለወጣ ሰው ሁሉ የሚያስገርም ነገር ነው።

ከእንዲህ ያሉ ትናንሽ ባለሙያዎች እንድንገዛ የሚቀሰቅሱን ሰዎች አብዝተው የሚያነሡት የባህል ፍቅርንና የአካባቢ ጥበቃን ነው። የእጅ ሽመና ኤሌክትሪክ አይፈጅም፣ የጥጥ ልብስም ሲያረጅ መሬት ውስጥ ይበሰብሳል፤ እውነት ነው። እኔን ደጋግሞ ወደ እርሳቸው የመለሰኝ ግን ገንዘቤ ለእነማን እንደሚደርስ ማወቄና የገዛሁት ልብስ መበርከቱ ነው። የእናቴ ጋቢ ጫፉ በተተረተረ ጊዜ ያለ ምንም ክፍያ መልሰው ቋጩልን፤ ከበረኪና እንድናርቀውና በእጅ እንድናጥበውም መከሩን። ከዚያ ወዲህ ከዘመዶቼ መካከል ከሌላ ቦታ ጋቢ የሚገዛ የለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሥራቸው ጊዜ ይወስዳል፤ ማግ ካለቀባቸውም ፈታዮቹ እስኪያደርሱ ይጠብቃሉ እንጂ በሌላ ክር አይተኩትም። ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ የምትፈልጉ አስቀድማችሁ እዘዙ፣ በዓል ሲቃረብ አዲስ ትእዛዝ አይቀበሉምና። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።